ዙባራን በደሴ መሥራት፦ የአንዲት ባዶ የባሕር ዳር ከተማ ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 6

ኮምፔንሳቶው ዛሬ ገባ። ርዝመቱ 2.44 ሜትር፣ ወርዱ 1.22 ሜትር ነው። ወደ ሥራ ክፍሌ ለማስገባት አንዱን የበር መዝጊያ ከማጠፊያው ማውለቅ ነበረብኝ። በዚህ ሰሌዳ ላይ የዙባራን ከተማ ከነቅጥሯና ከነወደቧ ላስቀምጥ ነው።

ዙባራ በኳታር ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ከዶሃ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፈረሰች ከተማ ናት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከኩዌት የመጡ ነጋዴዎች ቆረቆሯት። በሉል፣ ማለትም በባሕር ዕንቁ ንግድ በለጸገች። እ.ኤ.አ. በ1811 በጦርነት ወደመች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች ተመልሰው ቢኖሩባትም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈጽማ ባዶ ሆነች፤ አሸዋም ለበሳት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍራት ከኳታር የመጀመሪያዋ ነበረች።

እኔ ያየኋት ዶሃ በአናጺነት በሠራሁባቸው አምስት ዓመታት ውስጥ በአንድ ዓርብ ቀን ነው። አብረውኝ የሄዱት ጓደኞቼ ምሽጉን ዞረው አዩ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ተመለሱ። ምሽጉ ግን ከተማዋ አይደለም። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ለጠረፍ ጥበቃ የተሠራ ነው፤ በሦስቱ ማዕዘኖቹ ክብ ግንብ፣ በአራተኛው አራት ማዕዘን ግንብ አለው። ከተማዋ ያለችው ከምሽጉ አልፎ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ነው። የምትታየውም አብዛኛው ክፍሏ ዝቅ ዝቅ ያለ የአሸዋ ጉብታ ሆኖ ነው። እዚያ ጉብታ አጠገብ ብቻዬን የቆምኩበት ግማሽ ሰዓት ይኸው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ሞዴሉን የምሠራው ለሰፈራችን ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ነው። ከክበቡ ልጆች መካከል እናቱ ወይም አባቱ፣ እኅቱ ወይም አጎቱ ዓረብ አገር ያልሄደበት ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ እነርሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሀብታም ነበሩ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የመለስኩለት መልስ አጭር ነበር። ይህ ሰሌዳ ረጅሙ መልስ ነው።

ኅዳር 9

ዛሬ የልክ ሥራ ብቻ። የውጪው ቅጥር ርዝመት 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሁለቱም ጫፉ ባሕሩን ነክቶ ከተማዋን እንደ ቀስት ይከባታል። 1 ለ 2000 ስሠራው 1.25 ሜትር ይሆናል፤ ሰሌዳው ላይ በደንብ ይተኛል። ሙረይር የሚባለው የውኃ ጉድጓዶቹ ጠባቂ ምሽግ ከከተማዋ 1.65 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚርቅ ከቅጥሩ 82 ሴንቲ ሜትር ላይ አረፈ።

ልጆቹ በዚህ ልክ ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከተማዋ ውስጥ የሚጠጣ ውኃ አልነበረም። ያን ሁሉ ሀብት ይዛ፣ ውኃዋ የሃያ ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ርቆ ይገኝ ነበር። ደሴ ውስጥ ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቤቶቹ ግን በ1 ለ 2000 የምስር ፍሬ ያህል ስለሚሆኑ ምንም አይታይባቸውም። ስለዚህ በሌላ ሰሌዳ ላይ አንድ ባለ ግቢ ቤትና ከፊቱ ያለውን የባሕር ዳር ቁራጭ በ1 ለ 50 ለብቻው እሠራለሁ።

ኅዳር 14

የቅጥሩ ግንቦች 22 ናቸው፤ ግማሽ ክብ ቅርጽ አላቸው። ለዚህ የአተር ክክ ተስማሚ መስሎኝ በሙጫ ለጥፌ በጀሶ ቀባኋቸው። ሌሊት አይጥ ዘጠኙን በላቻቸው። ጭቃ ላይ በክክ ቅርጽ አውጥቼ ሁሉንም እንደገና በጀሶ አፈሰስኩ።

ስለ ጀሶ አንድ ነገር ለጀማሪዎች ልጻፍ። ሳፋውን ሳያጥቡ ሁለተኛ ዙር አያቡኩ። ከፊተኛው ዙር የደረቀች ቅርፊት ሳፋው ውስጥ ከቀረች አዲሱን ጀሶ ታቻኩለዋለች፤ እጅ ውስጥ እያለ ድንጋይ ይሆናል። ሞቅ ያለ ውኃም እንደዚያው ያፈጥነዋል። የደሴ የኅዳር ብርድ እጅ ስለሚያደነዝዝ ውኃውን ማሞቅ ያምረኛል፤ ነገር ግን ቀዝቃዛው ውኃ ጊዜ ይሰጣል።

የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ይህንኑ ጀሶ "ጁስ" ይሉታል። ዶሃ ስሰማው የእኛን ቃል አጥፈው የሚጠሩት መስሎኝ ነበር። የዙባራ ቤቶች ከአካባቢው ለስላሳ የኖራ ድንጋይ በጭቃ ተገንብተው በጁስ የተለሰኑ ናቸው። ድንጋዩ ደካማ ነው፤ ጭቃው ከድንጋዩ ይደክማል፤ ሁለቱንም አቅፎ የያዛቸው ልስኑ ነበር።

ኅዳር 20

ለቤቱ ግድግዳ የ6 ሚሊ ሜትር ጀሶ በትሪ ላይ አፍስሼ፣ ሲደርቅ በመዶሻ ሰባብሬ፣ ስብርባሪውን እንደ ድንጋይ በቀይ ጭቃ ደረደርኩት። የእውነተኛው ግድግዳ ውፍረት ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚሆን በእኔ ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ጭቃውን በጭድ ሳይሆን በደቀቀ ገለባ አቦካሁት፤ ጭድ ለዚህ ልክ ግንድ ሆነብኝ። ድርደራው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ማቆም፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀጠል ያስፈልጋል። በዚህ ብርድ አንዱ ዙር ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ኅዳር 25

ጣሪያ። የዚያ ዘመን የባሕረ ሰላጤ ቤት ክፍሎች ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ወርዳቸው ከሦስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ምክንያቱን እንደ አናጺ ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። አገሩ ላይ ለጣሪያ የሚሆን ዛፍ የለም። ጣሪያውን የሚሸከመው አግዳሚ ማንግሮቭ ከሚባለው፣ በባሕር ዳር ጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው ዛፍ የተቆረጠ እንጨት ነው፤ እርሱም ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በጀልባ ተጭኖ ይመጣ ነበር። እንጨቱ ያን ያህል ብቻ ይረዝማል፤ ክፍሉም እንጨቱን አክሎ ይቀራል። እኛ ስድስት ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና ገዝተን ቤታችንን እንደ ፈለግን እናሰፋለን። እነርሱ የቤታቸውን ስፋት የሚወስንላቸው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የበቀለ ግንድ ነበር።

በ1 ለ 50 አንዱ አግዳሚ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኖረዋል። የጥርስ መጎርጎሪያ ሞከርኩ፤ ቀጥታነቱ አላሳመነኝም። መጨረሻ ላይ የጎረቤታችን ባለ ስፌት እማማ የሰጡኝ ስንደዶ ልክ ገጠመ። በላዩ ላይ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ከሰሌን ቁራጭ ሰንጥቄ አወጣሁ።

"ለአሻንጉሊት ቤት ነው ወይ ልጄ?" አሉኝ ስንደዶውን ሲሰጡኝ።

"አይደለም እማማ፤ ሰው ትቷት የሄደ ከተማ ነው የምሠራው።"

"ሰው ከተማ የሚተወው ሲርበው ወይም ሲፈራ ነው" አሉ። ሁለቱም እውነት እንደ ሆነ ነገርኳቸው።

ኅዳር 26

ዛሬ ከሁሉ የምጓጓለትን ሙከራ ጀመርኩ። አጥኚዎች ሲጽፉ ዙባራን ያቆያት አሸዋ ነው ይላሉ፤ ልጆቹ ግን ነገሩ አልገባቸውም፤ "አሸዋ ቢቀብራት አይደል የጠፋችው?" ይላሉ። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት አጫጭር ግድግዳዎች ሠራሁ። ከአፋር የመጣ ጨው በውኃ አሟሙቼ ሦስት ትሪ ላይ አደረግሁና ግድግዳዎቹን እግራቸው ጨው ውኃው ውስጥ እንዲሆን አድርጌ አቆምኳቸው።

የመጀመሪያውን ራቁቱን ተውኩት። ሁለተኛውን በስስ አዲስ ልስን ሸፈንኩት። ሦስተኛውን ከቦርከና ወንዝ ባመጣሁትና ሦስት ጊዜ በወንፊት በነፋሁት አሸዋ እስከ አናቱ ቀበርኩት። ትሪዎቹ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው ቦታ ናቸው። ጨው ውኃው ሲጎድል እየጨመርኩ እጠብቃለሁ።

ታኅሣሥ 4

መድበሳ። ዙባራ ውስጥ በብዙ ቤቶች ወለሉ እንደ ታረሰ ማሳ ትልምና ቦይ ያለው ትንሽ ክፍል ተገኝቷል። የተምር ጆንያ ከትልሙ በላይ ይደራረባል፤ በራሱ ክብደትና በክፍሉ ሙቀት ከተምሩ የሚወጣው ማር መሰል ጭማቂ በቦዩ እየወረደ ጉድጓድ ውስጥ ባለ ማሰሮ ይጠራቀማል። ጭማቂውን ዲብስ ይሉታል።

ይህ በ1 ለ 50 ስለማይታይ ለብቻው በ1 ለ 10 ሠራሁት፤ ልጆቹ በእጃቸው እንዲያዩትና እንዲሠራም ፈለግሁ። አምስት ኪሎ ለስላሳ ተምር በስስ ጨርቅ ቋጥሬ፣ ከላዩ ሁለት ብሎኬት ጭኜ ጠበቅሁ። ሦስት ቀን አለፈ። አንድም ጠብታ አልወረደም። ተምሩ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰም ጠንክሮ ይጠብቀኛል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ሆኖ የባሕረ ሰላጤን ክፍል ማሠራት አይቻልም። መድበሳ ሲባል ግድግዳና ቦይ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱም የመሣሪያው አካል ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ቢሆን ኖሮ አላስተውለውም ነበር።

ታኅሣሥ 13

መድበሳውን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ወሰድኩት። ኮምቦልቻ ከደሴ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ቀኑ በግልጽ ይሞቃል። አክስቴ ከጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ መጋዘን ለቀቁልኝ፤ መድበሳውን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ፣ በሩን ዘግቼ፣ አራት ቀን ተውኩት።

ዛሬ ስከፍተው ቦዩ ያብለጨልጫል። ማሰሮዋ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ጥቁር ዲብስ አለ። ጥቂት ነው፤ ግን በትልሙ ወርዶ፣ በቦዩ ታጥፎ፣ ገብቶ የተጠራቀመ ነው። የጥንቱ ሰው ያሰበው መንገድ ሁሉ ሠርቷል። አክስቴ በጣታቸው ቀምሰው "ይህማ ለጾም መፍቻ ነው" አሉ። አንዱን ማንኪያ ለእርሳቸው ትቼ ሌላውን ለልጆቹ ይዤ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 17

ሦስት ሳምንት ሞላ። ልጆቹ ባሉበት ትሪዎቹን አየናቸው።

ራቁቱ ግድግዳ ከእግሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ነጭ ጨው አብቅሏል። ጨው ውኃው በጭቃው ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ውኃው ይተንናል፤ ጨው ግን እዚያው እየጠጠረ ያብጣል፤ ሲያብጥ ጭቃውን ይገፋዋል። በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይራገፋል። ሁለት ድንጋዮች ቀድሞም ወድቀዋል።

ልስን የለበሰው ደግሞ ልስኑ ፈነዳድቶ በቅርፊት ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ግን ጤነኛ ነው። ጨውን የተቀበለው ልስኑ ነው። አሁን ልጆቹ የጥገና ሠራተኛ ለምን ቅርስ ላይ በየጊዜው ተነሥቶ የሚተካ ስስ ልስን እንደሚቀባ ገባቸው፤ እንዲፈርስ ታስቦ የሚቀባ ልስን ነው።

የተቀበረውን ቆፍሮ የማውጣቱን ሥራ ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በቀለም ብሩሽ ሰጠኋት። አሸዋው ላይኛው ገጽ ላይ ጨው እንደ አመዳይ ተጋግሯል። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ረጥቧል፤ ነገር ግን ከጀሶው ስብርባሪ አንዱ እንኳ አልተነቃነቀም። ትነቱ የሚካሄደው ከግድግዳው ፊት ላይ ሳይሆን ከአሸዋው አናት ላይ ስለ ሆነ ጨውም የጠጠረው እዚያ ነው። ልጅቷ ብሩሿን እንደ ያዘች "እና ሲቆፍሯት ነው የምትሞተው ማለት ነው?" አለች።

አዎን፤ ካልተጠነቀቁ እንደዚያ ነው። የኳታር ሙዚየሞችና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሠሩባት ከከተማዋ የቆፈሩት ጥቂቱን ብቻ ነው። ከተቆፈረውም መልሶ መሸፈን ያለበት ይሸፈናል። እኔ ወጣት አናጺ ሳለሁ የፈረሰ ነገር ሁሉ ካልተገነባ የተበደለ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አይመስለኝም። ለልጅቷ የተቀበረውን ግድግዳ መልሳ እንድትቀብረው ነገርኳት፤ በሚያስገርም ጥንቃቄ አለበሰችው።

ታኅሣሥ 21

አንድ ልጅ በግቢው ቤት ልስን ላይ፣ ጀሶው ገና እርጥብ ሳለ፣ በመርፌ ጀልባ ጫረ። ዙባራ ውስጥ በአንድ ቤት ልስን ላይ ልክ እንዲህ የተጫረ የጀልባ ሥዕል ተገኝቷል። ሸራዋንና ምሰሶዋን በትክክል የሚያውቅ ሰው ነው የጫራት። የእኛው ልጅ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ጀልባውን ያየው በፎቶግራፍ ነው። ጭረቱ በመጠኑ ቢተልቅም አልነካውም።

ታኅሣሥ 26

ወደ ባሕር ዳሩ ቁራጭ ደረስኩ፤ ሞዴሉን ለመሥራት የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ስለ ዙባራ ሲነገር ቅጥሩ፣ ግንቡ፣ የባለጸጎቹ ቤት ይነገራል። ከባሕሩ አጠገብ ግን ዓሣ አጥማጆችና ጠላቂዎች ይኖሩባቸው የነበሩ የዘንባባ ቅጠል ጎጆዎች ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ጎጆ ግድግዳ አይቀርም፤ የሚቀረው ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ ነው። መሬቱ ውስጥ ጠቆር ያለ ክብ። አጥኚ ያን ክብ ካላወቀው በአካፋ ይዞት ይሄዳል።

ሉል የሚወጣው በባሕረ ሰላጤው የሙቀት ወራት፣ አራት ወር ያህል በባሕር ላይ ተቆይቶ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይይዛል፣ እግሩ ላይ የድንጋይ ክብደት ያስራል፣ ይወርዳል፤ ጀልባው ላይ ያለው ጓደኛው በገመድ ይስበዋል። ከመነሣቱ በፊት ለቤተ ሰቡ ስንቅ ከናኾዳው፣ ከጀልባው አለቃ፣ ይበደራል። ምርቱ ካነሰ ዕዳው ወደ ከርሞ ይሻገራል። በዕዳ የተሳሰረ ሰው ደግሞ አለቃ መለወጥ አይችልም። እኔ ይህን ሳነብ ለጉዞ የተበደርኩትን ገንዘብ ለመክፈል የፈጀብኝ አሥራ አራት ወር ትዝ አለኝ።

ከዚያም ያለፈ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባሕረ ሰላጤው የሉል ጀልባዎች ላይ ከጠለቁት ብዙዎቹ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ነበሩ። ከኢትዮጵያም ተይዘው በታጁራና በሌሎች ወደቦች በኩል ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ብዙ ናቸው። ዶሃ ውስጥ የቢን ጀልሙድ ቤት የሚባል ሙዚየም ይህንኑ የባርነት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እኔ እዚያ ገብቼ "ሐበሻ" የሚለውን ቃል ሳነብ ከመስታወቱ ፊት ለረጅም ጊዜ መራመድ አልቻልኩም። ስለዚህ የእኔ ሞዴል ላይ ጎጆዎቹ ከባለጸጎቹ ቤት ያነሰ ቦታ አይኖራቸውም።

ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛ ሰሌን አለኝ። እማማ የጎጆዎቹን ሽፋን ራሳቸው ሊሠሩልኝ ወሰዱት።

ጥር 4

እማማ አሥራ አንድ ጎጆ አመጡ። ሰሌኑን በክር ያህል ሰንጥቀው ጎንጉነውታል፤ የአንዱ ቁመት ከአራት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ዋጋ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ።

"የእኛም ሰው ነበረበት አላልክም?"

"ብዬአለሁ።"

"እንግዲያው ምን ትከፍለኛለህ?"

አሁን አንድ ጥያቄ ገጠመኝ። ሞዴሉ የተቆፈረውን ቦታ የሚያሳይ ከሆነ ጎጆ መቆም የለበትም፤ ጉድጓድ ብቻ ነው መኖር ያለበት። ልጆቹን ሰብስቤ ጠየቅሁ፤ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ አምስቱን ጎጆዎች አቆምን። ስድስቱን ግን አቁመን፣ የምሰሶአቸውን ቦታ በምስማር ምልክት አድርገን፣ አነሣናቸው፤ ጉድጓዶቹን በከሰል ዱቄትና በጭቃ ሞላናቸው። የተነሡት ስድስቱ ከሰሌዳው ጎን በሣጥን ይቀመጣሉ፤ ተመልካች ከፈለገ በጉድጓዱ ላይ አቁሞ ያያቸዋል።

ጥር 15

ከጥምቀት በኋላ ሰሌዳዎቹን በአይሱዙ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድናቸው። በመንገዱ ኮረኮንች ከቅጥሩ ሦስት ግንቦች ረገፉ፤ ሁለቱን አገኘኋቸው፣ ሦስተኛው የለም። ቅርጹ አሁንም ጭቃው ላይ ስላለ ማታ ሌላ አፈስሳለሁ።

የትልቁን ሰሌዳ ሁለት ሦስተኛ ያህል በቦርከና አሸዋ ሸፈንኩት፤ ከሥሩ የሠራኋቸው ጎዳናዎች አሉ፣ ግን አይታዩም። መምህርቷ ድካሜ መሸፈኑ አሳዝኗቸው "ጥቂት እንግለጠው" አሉኝ። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ካሬ ብቻ፣ በብሩሽ እንዲገለጥና በሚቀጥለው ወር ሌላው ከመገለጡ በፊት ተመልሶ እንዲሸፈን ተስማማን። የመጀመሪያውን ካሬ የምትገልጠው ያቺው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብሩሹን ከአሁኑ ወስዳዋለች።